«ምን አለበት?»
ስለ ተዘጋጀ የኬክ ዱቄትና ስለ እናታችን ጥያቄ

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በትላልቅ ከተሞች ብቻ ሳይሆን አልፎ አልፎ በእኛ በዋግ አገር ሰዎች ቤት እንኳ፥ ያማረ ሥዕል ባለበት ካርቶን የታሸገ የኬክ ዱቄት መታየት ጀምሯል። ዱቄቱ፥ ስኳሩ፥ ማኩፈሻውና ማጣፈጫው በፋብሪካ ተለክተው የተደባለቁ ስለ ሆኑ፥ ለጋጋሪዋ የሚቀርላት ውኃ፥ ዘይትና እንቁላል ጨምራ ማማሰል ብቻ ነው። «ይህ ነገር ለቤት ይጠቅማልን? ወይስ ገንዘብ ማባከን ነው?» ብለው ወላጆች በየጊዜው ይጠይቁናል። እኛም መምህር ነንና፥ መምህርም ለተጠየቀው ሁሉ መልስ ያለው ስለሚመስለው፥ ለብዙ ጊዜ እንደ መጣልን ስንመልስ ቆይተን ነበር። በገዛ ቤታችን የደረሰው ነገር ግን መልሳችንን እንደገና እንድንመረምር አስገደደን። ታሪኩ እኛን የሚያስመሰግን ባይሆንም፥ ለሌሎች ቤተ ሰቦች ትምህርት ይሆናል ብለን ስላሰብን እንደሚከተለው ጽፈነዋል።

እናታችን የፃግብጂ ሰው ናት። ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ጦርነቱ የዋግን ምድር በመታ ጊዜ፥ ከፃግብጂና ከአበርገሌ የተፈናቀለው ብዙ ሕዝብ በሰቆጣ መጠለሉ የታወቀ ነው። እናታችንም በ2014 ዓ.ም. ቤቷንና ጎተራዋን ትታ፥ ጥቂት በሶ በአቁማዳ ቋጥራ ወደ እኛ መጣች። በመጣች በሦስተኛው ቀን የጠየቀችን ነገር ልብስ ወይም አልጋ አልነበረም፤ እርሾ ነበር። የእርሷ እርሾ ከነማሰሮው በአገሯ ቀርቷልና። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት ይህን በሰሙ ጊዜ ከራሳቸው ቡሖ አንድ ጭልፋ በሣህን ይዘው መጡ። በአገራችን ልማድ እርሾ አይሸጥም፥ አይነፈግምም፤ የሰጠ ሰውም አይጎድልበትም። ከዚያ ቀን ወዲህ እናታችን ከእያንዳንዱ ቡሖ ጥቂት እያስቀረች ያንን እርሾ እስከ ዛሬ ጠብቃ አቆይታዋለች። በታኅሣሥ 19 ቀን ለቅዱስ ገብርኤል በምናደርገው ዝክርም የምንቆርሰው ድፎ ዳቦ በዚሁ እርሾ የተነሣ ነው። ከላይ እሳት፥ ከታች እሳት አድርጋ ስትጋግረው ሽታው እስከ መንገድ ይወጣል።

በ2017 ዓ.ም. ጾመ ነቢያት በአዲስ አበባ የምትማረው የበኵር ልጃችን ለዕረፍት በመጣች ጊዜ፥ ሁለት ካርቶን የኬክ ዱቄት በሻንጣዋ ይዛ መጣች። አሳቧ በጎ ነበር። «የዘንድሮው ዝክር ከዳቦው ጋራ ኬክ ይኑረው፤ ለአያቴም ድካሟን ላቅልልላት» አለች። ጾም መሆኑንም አልዘነጋችም። በከተማ ወጣቶች ዘንድ እንደ ተለመደው፥ በእንቁላሉ ፈንታ የአምቦ ውኃ ጨምራ ልትጋግረው አስባ ነበር፤ በአምቦ ውኃው ውስጥ ያለው አየር ሊጡን እንደሚያነሣው ጓደኞቿ ነግረዋታል። በዋዜማው፥ ማለት በታኅሣሥ 18 ቀን፥ አንደኛውን ካርቶን ለሙከራ ከፈተች።

እናታችን በዱካዋ ላይ ተቀምጣ ስትመለከት ቆይታ፥ ወደ እኛ ዘወር ብላ «ልጄ፥ ይህ ነገር ምን አለበት?» አለችን። እኛ በዚያን ሰዓት የተማሪዎችን የፈተና ወረቀት እናርም ነበር። ካርቶኑን አንሥተን የፊቱን ሥዕል ብቻ አየንና «ዱቄትና ስኳር ነው፥ እምዬ፤ አትስጊ» ብለን መለስንላት። እርሷም አልሰጋችም።

ልጃችን ሊጡን በድስት አድርጋ፥ በክዳኑ ላይ ፍም ደርድራ ጋገረችው። በመጀመሪያ ያለ ልክ ተነሣ፤ ሕፃናቱም ደስ ብሏቸው እጃቸውን አጨበጨቡ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን መካከሉ ሰምጦ እንደ ጎድጓዳ ሣህን ሆነ። ለእንግዳ የሚቀርብ ስላልነበረ እኛው የቤት ሰዎች ተካፍለን በላነው። እናታችንም ለልጅ ልጇ ልብ ስትል ሁለት ጊዜ ቆረሰች፤ «ይጣፍጣል» ብላም መረቀቻት።

ልጃችን ግን በመስመጡ አዘነች። ሁለተኛው ካርቶን በማግሥቱ ለዝክሩ ሰዎች የሚጋገር ነበርና፥ ምክንያቱን ለማወቅ በኵራዝ ብርሃን የካርቶኑን ጀርባ አብረን ማንበብ ጀመርን። ባሕር ማዶ የተሠራ ስለ ነበረ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ፥ ፊደሉም እንደ ጤፍ ፍሬ የደቀቀ ነበር። የመስመጡን ምክንያት ስንፈልግ ሌላ ነገር አገኘን። ከዱቄቱ፥ ከስኳሩና ከጨው ቀጥሎ ልጃችን የማታውቀው አንድ ቃል ተጽፎ ነበር። እኛም እርግጠኛ ስላልነበርን መዝገበ ቃላት አውጥተን ተመለከትን፤ ትርጉሙ አጓት ማለት ነው። ደርቆ ዱቄት የሆነ አጓት በኬኩ ውስጥ ተጨምሮ ነበር።

የተወደዳችሁ አንባብያን ሆይ፥ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልያዘንም። በድቁና ተምረናል፤ በዘመናዊ ትምህርት ቤትም ሃያ ዓመት ያህል አስተምረናል። ለተማሪዎቻችን ዘወትር የምንነግራቸው አንድ ነገር ቢኖር «ጥያቄውን አንብባችሁ ሳትጨርሱ መልስ አትጻፉ» የሚል ነው። በመፈናቀሏ ዘመን እንኳ፥ የሚበላ በጠፋበት ጊዜ፥ ጾሟን ያላጎደለች እናት በእኛ ቃል ተማምና በላች። ነገሩን ደብቀን ብንተወው ማንም አያውቅብንም ነበር፤ ይህም አሳብ በልቡናችን እንዳለፈ አንክድም።

በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በመንገድ ላይ «እምዬ፥ ትናንት የበላነው ነገር አጓት ነበረበት» አልናት።

እርሷም ቆም ብላ «አጓት? አጓትማ የወተት ልጅ አይደለም እንዴ?» አለች። ከዚያ በኋላ ብዙ ርቀት ዝም ብለን ሄድን። ወደ ቤት በተቃረብን ጊዜ «እኔኮ ማንበብ አልችልም። አንተ ያነበብኸው መስሎኝ ነው የበላሁት» አለችን። ከዚህ ሌላ ምንም የወቀሳ ቃል አልተናገረችም። የነፍስ አባቷም ሳታውቅ የሆነ መሆኑን ተረድተው በምክር አጽናንተዋታል። የእኛን ድርሻ ግን ለእኛው ለብቻችን ነገሩን፤ እርሱን በዚህ አንጽፈውም።

ሁለተኛው ካርቶን ሳይከፈት ቀረ። በዝክሩም ላይ እንደ ወትሮው የእናታችን ዳቦ ተቈረሰ። የመጀመሪያው ኬክ ባይሰምጥ ኖሮ ጀርባውን ባላነበብነው፥ ጎረቤቶቻችንንም ሁሉ ባበላናቸው ነበር። ስለዚህ ያ መስመጥ ለእኛ በጎ ሆነልን።

ከዚህ በኋላ ነገሩን በሚገባ ለማጥናት ቆረጥን። ያገኘነውን ለአንባብያን ከዚህ ቀጥለን እናቀርባለን።

ይህ የተዘጋጀ የኬክ ዱቄት የአሜሪካ አገር ፈጠራ ነው። በፒትስበርግ ከተማ የነበረው የዳፍ ኩባንያ የስኳር ዝቃጭ ማር የሆነውን ሞላሰስ ይነግድ ነበር። ሞላሰሱን ከስንዴ ዱቄት ጋራ አድርቆ በውኃ ብቻ የሚለወስ የኬክ ዱቄት በማዘጋጀቱ በ1933 ዓመተ ምሕረት (በአውሮፓ አቆጣጠር) የፈጠራ መብት ተሰጠው። በ1935 ደግሞ ሴቶች ትኩስ እንቁላል ራሳቸው መጨመር እንደሚወዱ በመግለጽ፥ ደረቁ እንቁላል የቀረበትን ሌላ ዓይነት አስመዘገበ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1947 እና በ1948 ጄኔራል ሚልስና ፒልስበሪ የተባሉት ታላላቅ የዱቄት ኩባንያዎች ወደዚሁ ንግድ ገቡ። ብዙ ጊዜ ሲነገር እንደምንሰማው፥ ኤርነስት ዲክተር የተባለ በቪየና የተወለደ የሥነ ልቡና ሊቅ «እመቤቲቱ እንቁላሉን ራሷ ትስበር፤ ያን ጊዜ የራሷ እጅ ሥራ ይመስላታል» ብሎ ኩባንያዎቹን መከረ ይባላል። ይሁን እንጂ ከላይ እንደ ገለጽነው የእንቁላሉ ነገር ከእርሱ ምክር አስቀድሞ የታሰበ ነበር። ከዚህ የምንረዳው ነገር አለ፤ ሥራው ምንም ቢቀልላት፥ ለቤተ ሰቧ የምትጋግር ሴት የራሷ ድርሻ እንዲቀርላት ትፈልጋለች።

ስለ መስመጡ ምክንያት ደግሞ መልሱ በአገራችን ከፍታ ላይ ነው። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ክብደት በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል፤ ውኃም በ100 ዲግሪ መፍላቱ ቀርቶ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በኬክ ዱቄቱ ውስጥ ያለው ማኩፈሻ ውኃና ሙቀት ሲነካው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን አየር ያወጣል። በቆላና በባሕር ዳርቻ ይህ አየር ሊጡን በልክ ያነሣዋል። በደጋ ግን የሚጫነው አየር ስለሚያንስ ከልክ በላይ ይነፋና፥ ሊጡ ገና ሳይጸና ተበስቶ ይወጣል፤ ሊጡም ይወድቃል። በአንዳንዶቹ ካርቶኖች ላይ ለደጋ አገር የተለየ መመሪያ ይጻፋል። በእኛ ካርቶን የነበረው መመሪያ ግን የሚያበቃው በ6,500 ጫማ ነበር፤ ይህም ወደ ሁለት ሺህ ሜትር ይጠጋል። እንግዲህ ሰቆጣም ሆነች አዲስ አበባ ከመመሪያው ወሰን በላይ ናቸው ማለት ነው። የተደባለቀውን ማኩፈሻ ደግሞ ከዱቄቱ መልሶ ለይቶ መቀነስ አይቻልም። በልክ መለዋወጥ የሚችለው ራሱ ለክቶ የደባለቀ ሰው ብቻ ነው።

ወደ ወጪው ስንመጣ፥ ካርቶኑ የሚያድነን ድካም የትኛው እንደ ሆነ መለየት ይገባል። እንቁላሉንና ዘይቱን የምንጨምረው እኛ ነን፤ የምናማስለውም የምንጋግረውም እኛ ነን። የቀረልን ድካም ዱቄት መንፋት፥ ስኳር መለካትና ማኩፈሻ መጨመር ነው። ይህም ከልጃችን ጋራ በሰዓት እንደ ለካነው ዐሥር ደቂቃ አልሞላም። በአንዱ ካርቶን ዋጋ ግን ዱቄቱን፥ ስኳሩንና ዘይቱን ገዝተን የሚተርፈን ገንዘብ ነበር። ስለዚህ የገዛነው ዐሥር ደቂቃና አንድ የሚያምር ሥዕል ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ስንል ግን የተዘጋጀ ነገርን ሁሉ እንነቅፋለን ማለት አይደለም። ብቻዋን የምትኖር ሠራተኛ፥ ወይም በሕመም ምክንያት ቆማ መሥራት የማትችል እናት፥ ወይም ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክር ልጅ በካርቶኑ ብትጠቀም ነውር የለበትም። የተለካ ነገር ጀማሪን ከብዙ ስሕተት ያድነዋል። ደግሞም ነገሩን በደንብ ካየነው፥ አስቀድሞ አዘጋጅቶ ማስቀመጥን ከባሕር ማዶ የተማርነው አይደለም። በሶ ምንድር ነው? ገብሱ ተቆልቶ፥ ተፈጭቶ፥ ጨው ገብቶበት በአቁማዳ ይቀመጣል፤ መንገደኛው ውኃ ብቻ ጨምሮ ይጨብጠዋል። ሽሮም እንደዚሁ ነው፤ ቅመሙ ሁሉ ከእህሉ ጋራ ተፈጭቶ ለወራት ይቀመጣል። እናታችን ከፃግብጂ ስትወጣ በመንገድ ያቆያት ይኸው የተዘጋጀ ዱቄት ነበር። ልዩነቱ አንድ ነው። በሶውን የቆላችው እርሷ ናት፤ በውስጡ ያለውንም ታውቀዋለች፤ የጎረቤት ብትበላ እንኳ ጎረቤቲቱን ጠይቃ ትረዳለች። የካርቶኑን ዱቄት የደባለቀው ሰው ግን ሩቅ ነው፤ የሚናገረውም በዚያ በደቀቀ ፊደል ብቻ ነው።

ይህን አሳብ በማዕድ ላይ ስንጨዋወት ልጃችን «እንግዲያስ እኛው ራሳችን ለምን እንደ በሶ አንደባልቀውም?» አለች። ይህ ንግግሯ ከእኛ ትምህርት ሁሉ የበለጠ ነበር። በአሜሪካ አገር እንቁላል፥ ወተትና ቅቤ በጠፋባቸው በችግር ዘመናት ይጋገር የነበረ አንድ የኬክ ዓይነት አለ። ለእነርሱ የችግር ምግብ የሆነው ለእኛ የጾም ምግብ ይሆናልና፥ እርሱን ለአገራችን ከፍታ አስተካክለን ሞከርነው። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

በአንድ ኩባያ እየተለካ፥ አንድ ኩባያ ተኩል የተነፋ የስንዴ ዱቄት፥ ከአንድ ኩባያ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የጎደለ ስኳር፥ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የካካዎ ዱቄት፥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና ከአንድ የሻይ ማንኪያ ሩብ የጎደለ ቤኪንግ ሶዳ በአንድነት ይደባለቃል። ለቆላ አገር ሶዳውና ስኳሩ ሳይጎድሉ ሙሉ ይሁኑ። ካካዎ ያላገኘ ሰው ቀረፋ ወይም የተፈጨ ኮረሪማ በጥቂቱ ቢጨምር ይሆናል። ይህ ደረቁ ክፍል ነው፤ እርጥበት በማያገኘው ጠርሙስ ቢከደን ሳይበላሽ ይቆያል። በሚጋገርበት ቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ፥ የኩባያ ሲሶ ዘይትና ከአንድ ኩባያ ጥቂት የበለጠ ውኃ ተጨምሮ ሊጡ አንድ እስኪሆን ብቻ ይማሰላል። አቼቶውና ሶዳው እንደ ተገናኙ አየሩን ማውጣት ይጀምራሉና፥ ሳይዘገይ በጋለ ምድጃ ወይም ላይና ታች ፍም ባለው ድስት መግባት አለበት። ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ በስንጥር ወግቶ ማየት ነው፤ ስንጥሩ ደረቅ ሆኖ ከወጣ በስሏል። ሳይበስል ክዳኑን ደጋግሞ መክፈት ግን ያሰምጠዋል፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ነው።

በመጀመሪያው ቀን ሶዳውን ሙሉ አድርገን ነበርና ጥቂት ሰመጠ። በሁለተኛው ቀን ሩቡን ስንቀንስለት ቀጥ ብሎ ቆመ። በዚህ ጊዜ ፍሙን የመራችው እናታችን ነበረች። የልጅ ልጇ ሰዓት ስትመለከት፥ እርሷ በሽታው ብቻ «አሁን ደርሷል፤ አውጪው» አለቻት፤ እውነትም ደርሶ ነበር። እስከዚያ ቀን ልጃችን የአያቷን ድካም ለማቅለል ስታስብ፥ አያቲቱ ደግሞ ከምድጃዋ የተገፋች መስሏት ዝም ብላ ስታዝን እንደ ቆየች ያወቅነው በዚያን ጊዜ ነው። ካርቶኑ ሥራውን ሁሉ ለብቻው ይሠራ ስለ ነበረ፥ ለእርሷ የቀረላት ሥራ አልነበረም።

ለተጠየቅነው ጥያቄ እንግዲህ መልሳችን ይህ ነው። የተዘጋጀ የኬክ ዱቄት ለቸገረውና ለጀማሪ ይጠቅማል፤ ለደጋ አገርና ለኪስ ግን አይመችም። በጾም ወራት የሚገዛው ሰው የፊቱን ሥዕል ትቶ የጀርባውን ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያንብብ። በአንዳንዱ ካርቶን ወተት፥ አጓት ወይም ደረቅ እንቁላል አለበት፤ በአንዳንዱ ደግሞ የለበትም። «እንቁላሉን ተክቼዋለሁ» ማለት ብቻ አይበቃም። ትርጉሙን የማያውቀው ቃል ቢገጥመው የሚያውቅ ሰው እስኪጠይቅ ድረስ አይጋግረው። በየቤቱ ማንበብ የሚችል ሰው ዓይኑ የራሱ ብቻ እንዳይደለ ይወቅ፤ ማንበብ የማይችሉት ሁሉ በእርሱ ዓይን ያያሉና።

ልጃችን ወደ አዲስ አበባ ስትመለስ እናታችን ከማሰሮዋ እርሾ ቀድታ በትንሽ ዕቃ አሰረችላት። ልጃችንም በበኩሏ ለአያቷ አንድ ጠርሙስ ደረቁን ድብልቅ አዘጋጅታ፥ በውስጡ ያለውን ሁሉ በወረቀት ጽፋ በላዩ ለጠፈችበት። እርሷ ከሄደች በኋላ እናታችን ጠርሙሱን አንሥታ ወደ እኛ መጣችና «በል አንብብልኝ፤ ምን አለበት?» አለችን። የያዝነውን ወረቀት አስቀምጠን፥ ከዱቄቱ እስከ ጨው ድረስ አንድም ሳናስቀር አነበብንላት።